ከወደቁ በኋላ ወደ ኮርቻ መመለስ፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ብስክሌተኞች

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደው አስፋልት ወደ 25 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ተነስቶ 1,850 ሜትር ገደማ ድረስ ይወርዳል። ለልምምድ እንዲህ ያለ መንገድ በቀላሉ አይገኝም። ሽቅቡ ሳንባና እግር ይሠራል፤ ቁልቁለቱ ደግሞ ይጥላል። ኩርባ ላይ ከአይሱዙ የተንጠባጠበ ናፍጣ አለ፣ ክረምት ጎርፍ አምጥቶ የተወው አሸዋ አለ፣ ጠዋት ጠዋት ከጦሳ የሚወርድ ጉም አለ፣ ተሳፋሪ ለመጫን ምልክት ሳያሳይ ጥግ የሚይዝ ሚኒባስ አለ። ይህን የጻፍነው ከወደቁ በኋላ ምን፣ በስንተኛው ቀን፣ በየትኛው መንገድ ላይ መደረግ እንዳለበት ለማሳየት ነው። ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ነገር አለ፦ ሕመም የሚጠፋው አጥንትና ጅማት ከመጠንከራቸው በፊት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ነገር የሚበላሸው በዚህ መሐል በሚደረግ ችኮላ ነው።

ወሎ ውስጥ የወደቀ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው «አብሽር» የሚለውን ቃል ነው። ቃሉ ራሱ መድኃኒት ነው። ችግሩ ከቃሉ ጋር የሚመጣው እጅ ብብቱን ይዞ ብድግ ሊያደርገው መቸኮሉ ነው። አታንሱት። መጀመሪያ መንገዱን አስጠብቁ፦ አንድ ሰው ከኩርባው 50 ሜትር ያህል ወደ ላይ ይውጣና መኪና ያስቁም፤ ቅርንጫፍ ወይም ቅጠል አስፋልቱ ላይ ይጣል፤ ሾፌሮች ምልክቱን ያውቁታል። ከዚያ ተጎጂው እንደተጋደመ ጠይቁት፦ አንገትህን ያምሃል? እጅና እግርህን ማንቀሳቀስ ትችላለህ? የደነዘዘህ ቦታ አለ? ትንፋሽ ያጥርሃል? አንገቱን ካመመው ወይም አካሉ ከደነዘዘ ሄልሜቱን አታውልቁ፤ ራሱን ከሰውነቱ ጋር በአንድ መስመር ደግፋችሁ ይዛችሁ የቀይ መስቀልን አምቡላንስ በ907 ጥሩ። እንዲህ ያለውን ሰው አጥፎ ባጃጅ ውስጥ መጫን ከውድቀቱ የከፋ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል።

ጭንቅላት ከስብራትም ይቀድማል፤ ደም ስለማይታይ ግን ይዘነጋል። ራሱን ያልሳተ ሰውም አንጎሉ ሊናወጥ ይችላል። «አሁን የት ነን? ከየት ተነሳን? ዛሬ ምን ልምምድ ነበረን?» በሉት። መልሱ ከተዘበራረቀ፣ ያንኑ ጥያቄ ከደጋገመ፣ ካዞረው ወይም ብርሃን ካስጠላው፣ «ደህና ነኝ» ቢልም ያን ቀን ኮርቻ ላይ አይወጣም። ደጋግሞ ካስታወከው፣ ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ አንዱ የዓይን ብሌን ከሌላው ከሰፋ፣ ከጆሮ ወይም ከአፍንጫ ንጹሕ ፈሳሽ ከወረደ ወይም ካንቀጠቀጠው ሲቲ ስካን ወዳለበት ሆስፒታል ወዲያውኑ ይወሰድ። ምልክቱ ቀላል ቢሆንም የመጀመሪያውን 24 ሰዓት ብቻውን አይደር። ለራስ ምታቱ ፓራሲታሞል ይበቃል፤ አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የደም መፍሰስን ሊያባብሱ ስለሚችሉ ይቆዩ። ከዚያ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ዕረፍት፣ ቀጥሎ የእግር ጉዞ፣ ቀጥሎ ከቦታው በማይንቀሳቀስ ብስክሌት ላይ ቀላል 20 ደቂቃ፣ ቀጥሎ መንገድ። በእያንዳንዱ ደረጃ ቢያንስ አንድ ቀን ይቆያል፤ ምልክት ከተመለሰ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ነው። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ዩሲአይ ያወጣው መመሪያ አዋቂ ተወዳዳሪ ምልክቱ ሙሉ በሙሉ ከጠፋ በኋላ ቢያንስ አንድ ሳምንት፣ ወጣት ደግሞ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው እንዳይወዳደር ይላል። በእኛ እምነት ለወጣቶቹ ሁለቱም ሳምንት ሊቀነስ አይገባም።

የተላላጠ ቆዳ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ በደንብ ካልታጠበ ግን ከስብራት በላይ ያሰቃያል። አንድ ሊትር ውኃ ፈልቶ ይቀዝቅዝ። እጃችሁን በሳሙና ታጥባችሁ ቁስሉን በውኃውና በለስላሳ ሳሙና በጎዝ እያሻሻችሁ አጽዱ። አሸዋው በዚያው ቀን መውጣት አለበት፤ ከቀረ ቆዳው በላዩ ይዘጋና እንደ ንቅሳት ጥቁር ሆኖ ይኖራል፣ ወይም መግል ይይዛል። ጥልቅ የገባ ጠጠር ካለ ጤና ጣቢያ በማደንዘዣ ቢወጣ ይሻላል። አልኮልና ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ በየቀኑ ማፍሰስ አዲስ የሚበቅለውን ቆዳ ይገድላል። ቡናና የጥርስ ሳሙናማ ፈጽሞ አይነካው። ቁስሉ ይድረቅ ብሎ ለፀሐይ መስጠትም ስህተት ነው፤ ቅርፊቱ መገጣጠሚያ ላይ ይሰነጠቅና እንደገና ይደማል። ስስ ቫዝሊን ቀብታችሁ፣ የማይጣበቅ ጎዝ አልብሳችሁ፣ በፋሻ አስራችሁ በቀን አንዴ ቀይሩ። ጎዙ ከተጣበቀ አትንጩት፤ በውኃ አርጥባችሁ 10 ደቂቃ ጠብቁ። አስፋልትና አፈር የነካው ቁስል ስለሆነ የመጨረሻው የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ከ5 ዓመት ካለፈ ድጋሚ መወጋት ያስፈልጋል። ዙሪያው እየቀላ ከሰፋ፣ ከጋለ ወይም ትኩሳት ከመጣ ሐኪም ይየው።

አሁን ወደ አጥንት እንምጣ፤ እዚህ ላይ ወጌሻን ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም። ወጌሻ በአካባቢያችን የተከበረ ነው፤ ወለምታን በማሸትና ሰውን በማጽናናት የሚወደሱ አሉ። ስብራት ግን መጀመሪያ ራጅ ይፈልጋል፤ አጥንቱ የት እንደተሰበረና ምን ያህል እንደተለያየ እጅ አያይም። ከሁሉ የሚያስፈራው በቀርከሃና በጨርቅ ጠብቆ የታሰረ ክንድ ወይም እግር ነው። እብጠቱ ከውስጥ ሲጨምር እስሩ ከውጭ ስለማይሰጥ ደም መዘዋወሩን ያቆማል፤ ጡንቻው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ መሞት ይጀምራል። ምልክቱ ይታወቃል፦ ከጉዳቱ ጋር የማይመጣጠን፣ በማስታገሻ የማይበርድ ሕመም፤ ሌላ ሰው ጣቶቹን ቀጥ ሲያደርግ የሚያስጮህ፤ ከዚያ መደንዘዝ፣ መቀዝቀዝ፣ መገርጣት። ያን ጊዜ «እስከ ነገ ይታገስ» አይባልም። እስሩ ወዲያው ይፈታ፤ እጅ ከልብ በላይ ከፍ አይደረግ፤ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ይኬድ። በሆስፒታል የተደረገ ጀሶም ቢሆን ይኸው ሕግ ይሠራል።

ብስክሌተኛ እጁን ዘርግቶ ወይም በትከሻው ሲወድቅ በብዛት የሚሰበረው ክላቪክል ነው፦ ከደረት ተነስቶ እስከ ትከሻ የሚዘልቀው፣ ከአንገት ሥር በጣት የሚዳሰሰው ቀጭን አጥንት። ብዙ ጊዜ የሚሰበረው መሐል ለመሐል ነው። ቆዳውን ከውስጥ ወጥሮ ካነጣው፣ ቆዳው ከተቀደደ፣ እጅ ከደነዘዘ ወይም ከቀዘቀዘ፣ ትንፋሽ ካጠረ ጉዳዩ የዚያው ሰዓት ነው፤ የተሰበረ ጫፍ ሳንባን ወይም የደም ሥርን ሊነካ ይችላል። ጫፎቹ ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ ከተደራረቡ የአጥንት ሐኪሙ በብረት መጠገንን ሊያነሳ ይችላል። አብዛኛው ግን ያለ ቀዶ ጥገና ይጋጠማል፤ ክንዱ በአንገት በሚንጠለጠል ጨርቅ ከ3 እስከ 6 ሳምንት ያርፋል።

ቀኑን እንዲህ ተከተሉ። በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለ15 ደቂቃ፣ በቀን 4 ጊዜ። ተጋድሞ መተኛት ስለሚያም በ3 ትራስ ተደግፎ ግማሽ ቁጭ ብሎ ማደር ይሻላል። ጣት፣ አንጓና ክርን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በየሰዓቱ ይንቀሳቀሱ፤ አለዚያ ክርኑ ይደርቃል። ሕመሙ ሲለዝብ፣ ብዙ ጊዜ በ2ኛው ሳምንት፣ ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ ክንዱን እንደ ቃጭል ምላስ ተንጠልጥሎ ማወዛወዝ፦ 10 ወደ ፊትና ኋላ፣ 10 ዙሪያ፣ በቀን 4 ጊዜ። ክንድን ከትከሻ በላይ ማንሳት ሐኪሙ ራጅ አይቶ እስኪፈቅድ፣ ማለትም ከ4 እስከ 6 ሳምንት፣ አይሞከር። ሐኪሙ ከተስማማ ከሳምንት በኋላ ጀምሮ ክንዱ እንደታሰረ ትሬነር (ብስክሌቱን ባለበት አጥብቆ የሚይዝ መንጃ) ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ 20 ደቂቃ መንዳት ይቻላል። መሪው ላይ መደገፍ የለም፤ ሮለር የሚሉት ተንሸራታቹ ደግሞ ሚዛን ስለሚፈልግ ለዚህ አይሆንም።

አደገኛው ጊዜ ከ4ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት ያለው ነው። ሕመሙ የለም፤ ልብ መንገድ መንገድ ይላል፤ አጥንቱ ግን ገና ለስላሳ ነው። ብረት የገባለትም ሰው በብረቱ አይመካ፤ ሁለተኛ ውድቀት ብረቱን ያጎብጣል፣ ብሎኑን ይነቅላል። ወደ መንገድ ለመውጣት የራጁን ማረጋገጫ ጨምሮ እነዚህን ማለፍ ያስፈልጋል፦ ወለል ላይ 10 ፑሽ አፕ ያለ ሕመም፤ ብስክሌት ላይ ሆኖ ወደ ሁለቱም ጎን ዞሮ ኋላን ማየት፤ በ25 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሜዳ ላይ እየነዱ ድንገት ፍሬን መያዝ። ሦስተኛውን የሚፈተን ሰው ጥቂት ነው፤ ክብደቱ ሁሉ ወደ ትከሻ የሚመጣው ግን ያን ጊዜ ነው።

መንገዱን ስለመምረጥ ጠንካራ አቋም አለን። ክላቪክሉ ወይም አንጓው የተጎዳ ሰው መጀመሪያ ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ በሚወስደው መንገድ ላይ ይንዳ፤ ረጋ ያለ ነው። ሁለት ሳምንት ከቆየ በኋላ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሽቅብ ይውጣ፤ ቁልቁል ግን አይውረድ። ሽቅብ ላይ ፍጥነቱ በሰዓት ከ12 እስከ 18 ኪሎ ሜትር ነው፣ ክብደቱ ኮርቻ ላይ ነው፣ እጅ ዘና ይላል፣ ልብና ሳንባ ግን ሙሉ ሥራ ያገኛሉ። ደሴ ሲደርስ ብስክሌቱን ሚኒባስ ላይ ጭኖ ይመለስ። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ደግሞ ተቃራኒው ነው፦ ሽቅብ ጉልበት ላይ ይጫናል፣ ስለዚህ ሜዳው ላይ በቀላል ማርሽ፣ በደቂቃ ከ85 እስከ 95 ዙር እየመታ ይቆይ።

ታላላቆቹ በፍጥነት ሲመለሱ አይተን እንሳሳታለን። የዴንማርኩ ዮናስ ቪንገጎርና የቤልጂየሙ ረምኮ ኤቨነፑል እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 4 ቀን 2024 በስፔኑ የባስክ ውድድር አንድ ኩርባ ላይ አብረው ወድቀው ክላቪክላቸው ተሰበረ፤ ቪንገጎር የጎድን አጥንትና የሳንባ ጉዳት ጭምር ነበረበት። ቱር ደ ፍራንስ ሲጀመር 12 ሳምንት አልፎ ነበር፤ ቪንገጎር ሁለተኛ፣ ኤቨነፑል ሦስተኛ ሆኑ። ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በዚያው ዓመት ግንቦት በጣሊያኑ ጂሮ ዲታሊያ 4ኛ ቀን ውድድር ላይ ሁለቴ ወድቆ አቋርጦ ወጣ፤ ከሁለት ወር በኋላ ቱር ላይ ሦስት የዕለት ውድድር አሸንፎ የነጥብ አሸናፊውን አረንጓዴ ማልያ ወሰደ። በሌላ በኩል አራት ጊዜ የቱር አሸናፊ የሆነው ክሪስ ፍሩም እ.ኤ.አ. ሰኔ 2019 ልምምድ ላይ ከግድግዳ ተጋጭቶ ጭኑ፣ ክርኑና የጎድን አጥንቶቹ ተሰበሩ፤ ከዚያ ወዲህ ውድድር አላሸነፈም። ልዩነቱን የሚሠራው የተሰበረው አጥንት ዓይነት ነው፤ ጭንና ዳሌ ከክላቪክል ጋር አይነጻጸሩም። 12 ሳምንቱም ቢሆን ሐኪምና ፊዚዮቴራፒስት አጠገባቸው ሆኖ የተገኘ ነው።

እጅ ዘርግቶ የወደቀ ሰው «ወለምታ ነው» ብሎ የሚያልፈው ሌላ ስብራት አለ። አውራ ጣትን ወደ ላይ ስትዘረጉ ከጣቱ ሥር፣ ከአንጓው በላይ ጎድጎድ ያለች ቦታ ትታያለች። እዚያች ጉድጓድ ውስጥ በጣት ሲጫኑ ካመመ ስካፎይድ የምትባለው ትንሽ አጥንት ተሰብራ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ራጅ ላይ ላትታይ ትችላለች፤ ስለዚህ እጁ በጀሶ ወይም በድጋፍ ታስሮ ከ10 እስከ 14 ቀን በኋላ ራጅ ይደገማል። ደም የሚደርሳት በጠባብ በኩል ስለሆነ ከተዘነጋች ሳትጋጠም ትቀራለች፤ መሪ መያዝ የማይችል አንጓ የሚመጣው ከዚህ ነው። ራጁ «ምንም የለም» ቢልም ጉድጓዷ ካመመች ድገሙ ብላችሁ ጠይቁ።

የጉልበት ሕመም ያለ ውድቀትም ይመጣል፤ ከውድቀት በኋላ ግን ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ብስክሌቱ ነው። ሲወድቅ ሴላው (ኮርቻው) ትንሽ ይዞራል ወይም ይወርዳል፣ ጫማው ሥር ያለው መያዣ ይጠመማል፣ የፔዳል ዘንግ ይጎብጣል። ሦስት ሚሊ ሜትር ለዓይን ምንም አይደለም፤ በደቂቃ 90 ጊዜ ለሚታጠፍ ጉልበት ግን ብዙ ነው። የጉልበት ሎሚ ዙሪያ ከፊት ካመመ ሴላው ዝቅ ብሏል ወይም ወደ ፊት ሄዷል፤ ከኋላ ካመመ ከፍ ብሏል፤ በጎን ካመመ የጫማውን መያዣ አቅጣጫ ተመልከቱ። ለመነሻ ባዶ እግር ግድግዳ ተደግፋችሁ ቁሙ፤ ደብተር በጭናችሁ መሐል አጥብቃችሁ ይዛችሁ ከደብተሩ ጀርባ እስከ ወለል ለኩ፤ ውጤቱን በ0.883 አባዙ። 80 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 70.6 ይመጣል፤ ይህ ከፔዳሉ ክንድ መሐል ብሎን እስከ ሴላው አናት ያለው ርቀት ነው። ከዚያ በአንድ ጊዜ ከ3 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ብቻ እየቀየራችሁ ሦስት ልምምድ ሞክሩት። ሁለት ነገር በአንድ ቀን የቀየረ ሰው የትኛው እንደረዳው አያውቅም። ትክክለኛውን ስታገኙ ቧንቧው ላይ በቀለም ምልክት አድርጉ፤ የጫማውንም ዙሪያ እንዲሁ። የሚቀጥለው ውድቀት ሲመጣ ልኩን ከምልክቱ ታገኙታላችሁ።

ጅማቱን ለማጠንከር ግድግዳ ተደግፎ ጉልበትን አጥፎ 45 ሰከንድ መቆየት፣ 5 ጊዜ፣ መሐሉ ላይ 2 ደቂቃ ዕረፍት። ይህ ሲቀል 20 ሴንቲ ሜትር ከሚሆን ደረጃ ላይ በአንድ እግር በ3 ሰከንድ ቀስ ብሎ መውረድ፣ 3 ዙር፣ በየዙሩ 12 ጊዜ፣ ቀን እየዘለሉ። ሕመም ከ10 ሦስት ድረስ ይፈቀዳል፤ በነጋታው ጠዋት ከባሰ መጠኑ በዝቷል። በደሴ ብርድ ጠዋት ጉልበት ተሸፍኖ ይነዳ።

የቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት መደንዘዝ መዳፍ ላይ የሚያልፍ ነርቭ ሲጫን የሚመጣ ነው፤ በየ10 ደቂቃው የእጅ አያያዝ ለውጡ፣ የመሪውን መጠቅለያ እጥፍ አድርጉት፣ መሪውን አንድ ደረጃ ከፍ አድርጉት። እንደደነዘዘ ሳምንት ካለፈው ብስክሌቱ ይቆይ።

ቤት ውስጥ የሚዋልበት ጊዜ የራሱ ወጥመድ አለው። «አልነዳም፣ አልብላ» የሚል ብስክሌተኛ ስብራቱን ያዘገያል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በቀን ከ95 እስከ 120 ግራም ፕሮቲን ይፈልጋል፦ አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8፣ አንድ ብርጭቆ የተቀቀለ ምስር 18 ይሰጣል። ጾም ላይ ያለ ሰው ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላና ለውዝ ያብዛ፤ ረመዳን ላይ ያለ በኢፍጣርና በሱሁር ከፋፍሎ ይመገብ። ጊዜ ለማሳለፍ የሚያዝ ጫት ደግሞ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ይወስዳል፤ ሁለቱም አጥንት የሚጠገንባቸው ናቸው። በዚያ ላይ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን፣ ከተወሰነ መጠን በላይም ካቲን፣ በውድድር ጊዜ የተከለከለ አነቃቂ ነው። መድኃኒት ቤት «ለሕመም» ተብሎ የሚሰጠውንም ስሙን አንብቡ፦ ትራማዶል በዩሲአይ ደንብ ከ2019፣ በዓለም አቀፉ የፀረ አበረታች መድኃኒት ዝርዝር ደግሞ ከጥር 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በውድድር ጊዜ የተከለከለ ነው፤ እንደ ዴክሳሜታዞን ያለ የኮርቲዞን መርፌም ከ2022 ጀምሮ በየትኛውም ቦታ ቢወጋ እንዲሁ። ሐኪም ግድ ካለው ፈቃዱ ከውድድሩ በፊት በጽሑፍ ይያዝ።

ብስክሌቱም ምርመራ ይፈልጋል። ፎርኬታው (የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ) እና መሪው ካርቦን ከሆኑ ጨርቅ አንሸራቱባቸው፣ ክሩ የሚይዝበት ቦታ ስንጥቅ ነው፤ በሳንቲም ሲመቱ ድምፁ የታፈነበት ቦታም እንዲሁ። የተሰነጠቀ ፎርኬታ በሙጫ አይታመንም፤ ቁልቁለት ላይ ሳያስጠነቅቅ ይበጠሳል። የኋላ ማርሽ መቀየሪያው የተንጠለጠለበት ጆሮ ከጎበጠ ካቴናውን ወደ ራጂው (የጎማው ሽቦዎች) ያስገባዋል። አንዴ የመታ ሄልሜት ከውጭ ቢያምርም ውስጡ ተጨምቋል፤ ይጣል። ሄልሜት በትልልቅ ውድድሮች ግዴታ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2003 አንድሬ ኪቪሌቭ በፓሪስ ኒስ ውድድር ወድቆ ከሞተ በኋላ ነው።

በመጨረሻ ቁልቁለቱ ራሱ ይመጣል። ሜዳውንና ሽቅቡን ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ሳያማችሁ ከነዳችሁ በኋላ፣ ጉሙ ተነስቶ አስፋልቱ የደረቀበትን ቀን ምረጡ፤ ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ ይሻላል። መንገዱን የሚያውቅ ሰው ከፊት ይምራ፣ 20 ሜትር ተራርቃችሁ። ፍሬን ከኩርባው በፊት በሁለቱም እጅ ይያዝ፣ ኩርባው ውስጥ ይለቀቅ፤ ዓይን ጉድጓዱን ሳይሆን መውጫውን ይይ። ቁልቁለቱን ሁሉ ፍሬን እየጎተቱ መውረድ ቸርኬውን ያግላል፣ ያልዳነ ትከሻንም ያደክማል። ስለዚህ መንገዱን በሦስት ማቆሚያ ከፍላችሁ በየማቆሚያው እጃችሁን አራግፉ። ጣት ከደነዘዘ ወይም ትከሻ ከጠበቀ ቀሪውን በሚኒባስ ውረዱ፤ ረዳቱ ብስክሌቱን ፖርቶመጋላው ላይ ሲያስር ማርሹ ያለበት ጎን ወደ ላይ እንዲሆን ንገሩት።